ያልተበየደው ጉትቻ

ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ሽቦ መሳብ ነበር። የብር ሽቦ የሚቀጥነው ከሰፊ ወደ ጠባብ የተደረደሩ ቀዳዳዎች ባሉት የብረት ሰሌዳ ውስጥ እየተሳበ ነው። ባለቤቴ ጫፉን በፒንሳ ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እኔ ሰም እየቀባሁ ከወዲህ በኩል እንዳይጠማዘዝ እይዛለሁ። ቦሌ ሚካኤል ያለችው ሱቃችን ጠባብ ስለሆነች ሽቦው ሲረዝም እሱ በጀርባው እየሄደ ከበሩ ይወጣ ነበር።

«ሰው ትገጫለህ» አልኩት።

«ጀርባዬን የምታይልኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ? ለወሬ ብቻ ነው ዓይንሽ የሚሠራው።»

ከዚያ ቤት ገባን፣ ሽሮ በላን፣ ተኛን። ጠዋት አልነቃም። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ስለዚያ ጠዋት የማስታውሰው ጥቂት ስለሆነ አልጽፈውም።

ባለቤቴ ከብር ሠሪ ቤተሰብ አልተወለደም። ያደገው አሁን ኮንዶሚኒየም በቆመበት፣ ያኔ ጤፍ በሚዘራበት መሬት ላይ ነው። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ሆኖ ተቀጠረ። የቲሸርት ጠርዝ የሚሰፋውን ኦቨርሎክ ሲጠግን፣ ክሩ እንዴት እርስ በርሱ እየተቆላለፈ እንደሚሄድ ሲያይ ይውላል። ቤት ሲመጣ ያንኑ ከተቃጠለ ሞተር በፈታው የመዳብ ሽቦ ይሞክረው ነበር። በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት እየሄደ መርካቶ ከአንድ ሽማግሌ ብር ሠሪ ብየዳ ተማረ። ፋብሪካውን ሲለቅ ዘመዶቹ አበደ አሉ። እኔም ትንሽ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ካሉት የእንግዳ ማረፊያዎች የሚመጡ ደንበኞች ሥራውን ይወዱት ነበር።

«ይሄ ጥልፍ የአክሱም ነው የላሊበላ?»

«የቲሸርት ጠርዝ ነው።»

ይስቃሉ። እውነቱን መሆኑ ሲገባቸው አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል። «አክሱም ብትላቸው ምን ትሆናለህ?» ስለው የለበስኩትን ልብስ ጠርዝ ገልብጦ ያሳየኛል። እንደ ቅርስ የሚያየው ነገር ቢኖር የእናቱን አምባር ነው። ዳር ዳሩን የከበቡትን ትንንሽ የብር እንክብሎች በሁሉም ሥራው ላይ አንድ ቦታ ያስገባቸው ነበር።

ብየዳው የእሱ ነው፤ መሞረዱና መወልወሉ የእኔ። ሲሞት ጠረጴዛው ላይ የአንዲት ሙሽራ ጉትቻ ነበር። አንዱ አልቋል። የሁለተኛው ሽቦ ተጠምዝዞ፣ ተጠላልፎ፣ በቦታ በቦታው ተቀምጧል፤ አልተበየደም። አርባው ካለፈ በኋላ ሱቁን ስከፍት እንደተወው ነበር፤ አቧራ ብቻ ለብሷል።

ሙሽራዋ ጥቁር ነጠላ አጣፍታ መጣች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። ስለ ጉትቻው መጠየቅ አፍራለች።

«እጨርሰዋለሁ» አልኳት።

«ለሌላ ብር ሠሪ ብንሰጠውስ? አንቺ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው።»

«አይሆንም።»

ያ ሽቦ የእሱ እጅ ለመጨረሻ ጊዜ ያስቀመጠው ነገር ነበር። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግሁም። የምፈልገው ነገር እንዳለኝ ከሞተ ወዲህ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አበያየዱን ለዓመታት አይቻለሁ። ብየዳው እንዲይዝ ቦራክሱን ቀባሁ፣ የጋዙን እሳት ለኮስኩ፣ እሱ እንደሚያደርገው እሳቱን አንድ ቦታ ሳላቆም አዞርኩት። ባለቤቴ ሊበይድ ሲል ሁልጊዜ በሩንና መስኮቱን ይዘጋ ነበር። ሰው እንዳያናግረው ይመስለኝ ነበር። እኔ ብቻዬን ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ስላልፈለግሁ በሩን ክፍት አደረግሁት፤ ፀሐይ ጠረጴዛው ድረስ ገብታለች። ብሩ እስኪቀላ ጠበቅሁ። አልቀላም። እሳቱን አቀረብኩ። ከዚያ ጥልፉ በሙሉ ባንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ገባና ሽምብራ የሚያህል ክብ ኳስ ሆነ።

ብር በብርሃን ውስጥ ቅላቱ አይታይም። በሩን የሚዘጋው ለዚያ ኖሯል። ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

አላለቀስኩም። ጋዙን ዘጋሁ፣ ኳሱ እስኪበርድ ቁጭ አልኩ፣ ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጡት። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«የልጅዎ ጉትቻ ነበር። አቀለጥኩት።»

 «እሱም ስንቱን አቅልጧል። ምጣዴን ሳይቀር ነው ያቃጠለብኝ» ብለው መለሱልኝ።

ሙሽራዋ ስትመጣ ሁለቱንም ፊቷ አስቀመጥኩ፤ ያለቀውን ጉትቻና ኳሱን። አየቻቸው።

«ያለቀውን አንቺ ያዥው» አለችኝ። «እኔ ግን ጥንድ ነው የምፈልገው። ሠርጌ ነው።»

«እኔ ጥልፍ አልችልም።»

«የምትችይውን ሥሪልኛ።»

የምችለው መዶሻና ሞረድ ነበር። ኳሱን ከቀረው ሽቦ ጋር በሩን ዘግቼ አቀለጥኩት። ለሁለት ከፍዬ ቀጠቀጥኳቸው፣ ዳራቸውን ሞረድኩ፣ መንጠልጠያቸውን በየድኩ። ሁለት ስስ ሰሌዳ ወጣ፤ የመዶሻው ምት ላያቸው ላይ ይታያል። እሱ ቢሆን ሞርደሽ አጥፊው ይለኝ ነበር። እኔ ተውኩት።

«ይሄማ ምንም አይመስልም» አሉ አማቴ። ቀና አድርገው በብርሃን አዩትና፣ «ይሁን። ምንም ባይመስልም ያበራል» አሉ።

ሙሽራዋ መስታወቱ ፊት አደረገችው። ራሷን ወዲያና ወዲህ ነቀነቀች። «አንዱ ከአንዱ ይከብዳል» አለች።

«ላስተካክለው?»

«ተዪው። ቀላሉን ስልክ የማወራበት ጆሮ ላይ አደርገዋለሁ።» አድርጋው ሄደች። ሠርጉ ላይ ጠርታኝ ነበር፤ ጥቁር ልብሴን ስላላወለቅሁ አልሄድኩም።

ጓደኞቿ መምጣት ጀምረዋል። አንዳንዶቹ የባለቤቴን ጥልፍ ይጠይቁኛል። ያን የሚሠራው ሞቷል እላቸዋለሁ። እኔ የምሠራው በመዶሻ የተቀጠቀጠ ጉትቻ ነው። ከእሑድ በቀር በየቀኑ እሠራለሁ።