የታመመ አንቀበልም

ሥራውን ስጀምር የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነበር። ስኳርም የልብ በሽታም ገና ያልያዛቸውን፣ ግን ሊይዛቸው የተቃረበ ሰዎችን ፈልጊ ተባልኩ። የደም ስኳራቸው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ግፊታቸው ትንሽ የጨመረ። ከነዚህ ግማሾቹ መድኃኒት ያለበት ኪኒን ይሰጣቸዋል፤ ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ፣ መድኃኒት ግን የሌለበት። የትኛው ለማን እንደደረሰ እነሱም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። ሁለት ዓመት ተጠብቆ ማን ታመመ፣ ማን ተረፈ የሚለው ይታያል።

ነርስ ነኝ። ቤቴ እንጅባራ ነው፤ ለዚህ ሥራ በሳምንት ሦስት ቀን በሚኒባስ ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ እየሄድኩ ጤና ጣቢያው በሰጠን አንዲት ጠባብ ክፍል እሠራ ነበር።

ሥልጠናው ላይ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስል ነበር። ጤነኛ ሰው ፊት ተቀምጦ «በሽታ እየመጣብዎት ነው» ማለት ግን እኛ አገር ሟርት ነው። የመጀመሪያዋ ሴት እንደዚያ ስላት ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። «ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩሽ? በአፍሽ ይቅር!» ብላኝ ወጣች። አማርኛ ለማይቀናቸው በአዊኛ ላስረዳ ስሞክር ደግሞ ባሰብኝ። ከእናቴ የተማርኩት አዊኛ ለታመመም ለጤነኛም ቃል አለው። ታሞ ላልታመመ፣ ጤነኛ ሆኖ ጤነኛ ላልሆነ ሰው ግን ምን ልበል? ዞሬ ዞሬ ያው ሟርት ላይ እወድቅ ነበር።

ሳይቆጣ እስከ መጨረሻው ያዳመጠኝ አንድ ገበሬ ነው። ዕድሜው ሃምሳ አምስትን ያለፈ፣ ድንችና ገብስ የሚያመርት፣ በገበያ ቀን ፈረሱን ጤና ጣቢያው አጥር ላይ አስሮ የመጣ ረጅም ሰው። ስኳሩም ግፊቱም ልክ እኛ የምንፈልገው ላይ ነበር። ስጨርስ፣

«ባለቤቴን ስኳር ይዟታል፤ ሦስት ዓመቷ ነው። እሷን መዝግቢልኝ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ገና ላልታመሙ ነው። የታመመ አንቀበልም።»

የቀለድኩበት መስሎት ሳቀ። «መድኃኒት ይዛችሁ መጥታችሁ የታመመ አትቀበሉም?»

«ጥናት ነው ጋሼ። ደንቡ እንደዚያ ነው።»

«እሷኮ ሆስፒታል በሄደች ቁጥር ‹መድኃኒቱ አልቋል፣ ውጭ ግዢ› ነው የሚሏት።»

«አውቃለሁ። ግን እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።»

በተወጋው ጣቱ ላይ የያዘውን ጥጥ እያገላበጠ አየ። «እንግዲያስ እኔን መዝግቢኝ» አለ።

ደስ አለኝ። በዚያ ወር እንዳስገባ የተነገረኝ ሰው አልሞላልኝም ነበር። መድኃኒት የሌለበት ኪኒንም ሊደርሰው እንደሚችል በአማርኛም በአዊኛም ነገርኩት፤ አንገቱን ነቀነቀ፣ ፈረመ።

ከመዘገብኳቸው ሁሉ እንደሱ ያለ አልነበረም። አንዱ ኪኒኑን ሦስት ቀን ውጦ አፌን መረረኝ ብሎ ይተዋል። ሌላዋ ብልቃጡን ጎተራ ውስጥ አስቀምጣ ትረሳዋለች። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ጠዋት ኪኒን የሚውጥልኝ ይጠፋል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ውጡ ብላቸው እሺ ይሉኛል፣ ወር ቆይተው ሲመጡ ግን ብልቃጡ እንደ ሞላ ነው። እሱ ብቻ በቀጠሮው ቀን ይመጣል። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ እገለብጥና በብዕር ጫፍ ሁለት ሁለት እያደረግኩ እቆጥራለሁ። ሁልጊዜ ልክ ነው፤ በጾም እንኳ አንዲት አልተረፈችም። የአስተባባሪዎቹ ስብሰባ ላይ «አርአያ ተሳታፊ» ብዬ አወራሁለት። ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ «ስንት ኪኒን ቀረ?» የሚል ነበር። እኔም ያንኑ ጠየቅኩ፣ እሱም ያንኑ መለሰ። አንድም ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም።

በስምንተኛው ወር ቀረ። በማግስቱ ስልኩ አልሠራ ሲለኝ አድራሻውን እየጠየቅኩ በእግሬ ቤቱ ሄድኩ። እሱ ማሳው ላይ ነበር። ባለቤቱ ደጃፉ አጠገብ መደብ ላይ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ራስጌዋ የውሃ ጆግ አለ። ሰላም ስላት ቀና ለማለት ሞክራ አቃታት።

«ሲስተር አንቺ ነሽ? መድኃኒቱን የምትሰጭው?» አለችኝ።

«አዎ እትዬ። ጋሼ ሲቀሩብኝ ጊዜ ነው የመጣሁ።»

«እሱ ደህና ነው። እኔን ጥሎ መሄድ ፈርቶ ነው።» ወደ ግድግዳው አመለከተችኝ። ምስማር ላይ በተንጠለጠለ ፌስታል ውስጥ የኛ ነጭ ብልቃጥ፣ እኔ በእጄ የጻፍኩበት መለያ ቁጥር። «ዛሬም ጠዋት ውጫለሁ። መቼም አላቋረጥኩም። ምነው ታዲያ ባሰብኝ?»

መደቡ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሆስፒታሉን መድኃኒት ስጠይቃት የእኛው ኪኒን ከመጣ ወዲህ እንደተወችው ነገረችኝ። «ከሩቅ የመጣ ነው፣ ይሻላል ብሎኝ» አለች። ስምንት ወር። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን መለኪያ አውጥቼ ጣቷን ወጋሁ። መሣሪያው ቁጥር አላወጣም፤ ስኳሩ እሱ ከሚለካው በላይ ሲሆን የሚያወጣውን ምልክት ብቻ አሳየኝ።

ጮኼ ባሏን ጠራሁት። የጎረቤት ጋሪ አስመጥቶ እስከ ትልቁ መንገድ አደረስናት፤ ከዚያ በሚኒባስ እንጅባራ፣ ከመናኸሪያው በባጃጅ ሆስፒታል። መንገዱን ሙሉ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዛት። እኔ ስልኬን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ኔትወርክ እፈልጋለሁ።

የጥናቱን አስተባባሪ በስልክ ያገኘሁት ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ነው።

«ብልቃጡ ውስጥ ያለው የቱ ነው?» አልኩት።

«እሱማ አይነገርም። ምን ተፈጠረ?»

ነገርኩት። «ተሳታፊዋኮ እሷ አይደለችም» አለ። «የቱ ኪኒን ለማን እንደደረሰ የሚናገረው ኮድ የሚከፈተው ተሳታፊ ሲታመምና ለሕክምናው የግድ ሲሆን ነው።»

«ስምንት ወር የዋጠችው እሷ ናት እያልኩህ!»

«ገብቶኛል እህቴ። ግን ሐኪሞቹ ሳያውቁትም ሊያክሟት ይችላሉ። ጠይቂያቸው።»

ጠየቅኩ። ልክ ነበር። ሐኪሙ ይዤ የመጣሁትን ብልቃጥ አይቶ መልሶ ሰጠኝ፤ «ምንም ይሁን ምን አሁን የሚያስፈልጋት ግሉኮስ የሌለው ፈሳሽና ኢንሱሊን ነው» አለኝ። አስተባባሪው ትክክል መሆኑ የባሰ አናደደኝ። ቢሳሳት የምጮህበት ነገር አገኝ ነበር።

ባልየው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«ምን ነበር የሰጠሽኝ?» አለኝ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«አታውቂም?»

«ለኔም አይነገረኝም። መድኃኒት የሌለበት ሊሆን ይችላል ብዬ ግን ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረሽኛል። አላመንኩሽም። ሰው ከዚህ ድረስ መጥቶ፣ ደም ቀድቶ፣ ባዶ ነገር ያስውጣል ብዬ እንዴት ልመን?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «በየወሩ ኪኒኑን ስትቆጥሪ አይሻለሁ። ማን እንደሚውጠው አንድ ቀን ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

በእሱም ተናድጄ ነበር፤ ሲፈርም ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ አስጠንቅቄዋለሁ። ግን ታማሚ ቤቱ ተኝታ ጤነኛው ኪኒን ይዞ የሚገባበትን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያንን ደግሞ በዚያ ሰዓት አፍ አውጥቼ አልነገርኩትም።

ዘጠኝ ቀን ተኝታ ዳነች። በመርፌ የሚሰጥ ኢንሱሊን ታዞላት፣ እሱ መውጋት ተምሮ፣ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ እርጥብ አሸዋ በሞላው ሸክላ ውስጥ እያቀዘቀዙ ቤታቸው ገቡ። የግራ ዓይኗ ግን እንደ ድሮው አያይም።

ሪፖርቱን ልጽፍ ስቀመጥ ቅጹ የሚጠይቀኝ ተሳታፊው ደንቡን ጥሷል ወይስ አልጣሰም የሚለውን ብቻ ነበር። ጥሷል የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ ባዶ ወረቀት አምጥቼ ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ ተሳታፊ ከመመዝገባችን በፊት ቤቱ ውስጥ የታመመ ሰው እንዳለ እንጠይቅ፣ ካለም መድኃኒት የሚያገኝበትን መንገድ እናመቻች የሚል። መልሱ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። አመስግነውኛል። ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ተጨምሯል፦ «ኪኒኑን ለሌላ ሰው ሰጥተው ያውቃሉ?» ማን አዎ ይላል? ቢሆንም ጠየቅኩ። ሁሉም ኧረ በጭራሽ አሉኝ። አንዲት ሴት ብቻ አንገቷን ደፍታ «ለእናቴ» አለች፤ እናትየዋ ግፊት ነበራቸው። እሳቸውን በዚያው ቀን ሐኪም ጋ አደረስኳቸው።

ባልየውን ከኪኒኑ አስወጡት፤ ደሙ ግን ለጥናቱ እስከ መጨረሻው ይፈለግ ነበር። ሄጄ ለመንኩት። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋልኝ፤ ሌላ ጊዜ እንደሚያደርገው ግን ስለ ቤተሰቤ አልጠየቀኝም።

ጥናቱ አልቋል። ብልቃጦቹን ሰብስበን፣ ፋይሎቹን በካርቶን አሽገን ላክን። ውጤቱ ተጠናቅሮ ይነገራችኋል ተባልን፤ እስካሁን የነገረን የለም። መድኃኒቱ ሠርቶ ብዙ ሰው ከስኳር የሚያድን ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ከልቤ ነው። ለነዚያ ባልና ሚስት የደረሰው የቱ እንደነበር ግን ሦስት ጊዜ ጽፌ ጠይቄ ሦስት ጊዜ ገና ነው ተብያለሁ።

አሁን ወደ ቀድሞው የጤና ጣቢያ ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ የስኳርና የግፊት ታካሚዎች የሚከታተሉበት ክፍል ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሁለቱም መጡ። ኢንሱሊን አልነበረም። እንጅባራ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች በስልክ አዳረስኩ፣ የለም። ዳንግላ አንድ ቦታ ተገኘና ባልየው ወዲያው ሚኒባስ ሊይዝ ወጣ። እሷ እስኪመለስ ክፍሌ ውስጥ ጠበቀችው። በደህናው ዓይኗ እያየችኝ፣ «ፊትሽ ጠቁሯል ሲስተር፣ ምሳ አልበላሽም?» አለችኝ። አልበላሁም ነበር። ከፌስታሏ የተቀቀለ ድንች አውጥታ ግማሹን ሰጠችኝ፤ እኔ ደግሞ ለሷ የሚፈቀደውን መጠን እየነገርኳት አብረን በላን።