ከአሮጌው ጉድጓድ አንድ እፍኝ

ለእግሬ ቁስል የወሰድኩት መድኃኒት ቁስሉን አደረቀው፤ ሆዴን ግን አበላሸው። የበላሁት አይረጋልኝም፤ አቅሜም አልቋል። ነርሷ «አባባ፣ መድኃኒቱ መጥፎውን ባክቴሪያ ሲገድል ሆድዎ ውስጥ ያለውን ደጉንም ገድሎታል፤ እርጎ ይሞክሩ» አለችኝ። ባክቴሪያ ደግሞ ደግ አለው እንዴ ብዬ ትቻት ወጣሁ።

ዛሬ ልጄ በኩባያ እርጎ ይዛ ስትገባ ኮምጣጣው ሽታ ወደ እናቴ ጓሮ መለሰኝ። ልጅ ሳለሁ፣ ከቴፒ ወደ ሚዛን በመጣን ሰሞን ነው። እናቴ የፋቀችውን እንሰት በአዲስ ጉድጓድ ልትቀብር ቅጠል አንጥፋለች። የዓመት ቆጯችን እሱ ነው፤ ከተበላሸ እንራባለን። ከጎረቤት አሮጌ ጉድጓድ አንድ እፍኝ የሚሸት ቆጮ ለምና አመጣችና መሃሉ ጨመረችው።

«ንጹሑን ለምን ታበላሺዋለሽ?» አልኳት አፍንጫዬን ይዤ።

«ዝም በል አንተ። ብቻውን ከተቀበረ ይበሰብሳል። የሚጠብቁት እዚህ አሮጌው ውስጥ ያሉት ናቸው።»

«እነማን?»

«እኔስ መች አየኋቸው» አለችና ድንጋይ ጫነችበት።

ልጄ «አባዬ፣ ግግም አትበል፤ ትንሽ ቅመስ» አለችኝ።

«ጉድጓዱ ባዶ ነው» አልኳት ሆዴን እየዳበስኩ።

አልገባትም። ለማስረዳት ደከመኝና ኩባያውን ተቀብዬ እፍኝ የምታህል ጠጣሁ።