ወደ ካይሮ የሄደው የሳንቲም ቆርቆሮ

የሐጃ ታናሽ እህት ከካይሮ ደውለው አሮጌ ሳንቲም እንድንልክላቸው በጠየቁ ጊዜ፣ እኔ በሱዳን ዋና ከተማ፣ ዐማራት በሚባል ሰፈር፣ እሳቸው ቤት ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከወሎ የወጣሁት ደርግ በወደቀ ማግስት ነው። መጀመሪያ ከአገሬ ልጆች ጋር ማዮ በሚባል የድሆች ሰፈር አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተን ኖርን። ዝናብ ሲጥል መንገዱ ስለሚላቁጥ ወደ ሥራ የምንወጣው ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን ነበር። ኋላ ሐጃ "እዚሁ እደሪ" ብለው ከኩሽናው ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጡኝ።

ሐጃ የምላቸው የቤቱን እመቤት ነው። ልጆቻቸው ሁሉ ውጭ አገር ስለሚሠሩ በዚያ ሰፊ ቤት የምንኖረው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ኦምዱርማን ዳቦ ቤት ነበራቸው። ዳቦ በሳንቲም ይሸጥ በነበረበት ዘመን የተጠራቀመው ሳንቲም፣ ኑሮው ተወድዶ ለማኝ እንኳ የማይቀበለው ሲሆን፣ ሰውየው አውጥተው ለመጣል ሆዳቸው እምቢ አለ። በትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ከተው ደረጃው ሥር አስቀመጡት። እሳቸው ሞቱ፤ ቆርቆሮው እዚያው ቀረ። እኔ ቤት ሳጸዳ ዙሪያውን እጠርግ ነበር እንጂ አንድም ቀን ከቦታው አንቀሳቅሼው አላውቅም።

እህትየው ካይሮ ውስጥ ለሱዳን ሙሽሮች የጭፈራ ልብስ ይሰፋሉ። ሙሽራዋ ስትደንስ ወገቧ ላይ የሚንሿሿ ነገር ያስፈልጋል። ገበያ ላይ የሚሸጠው ጌጥ ድምፁ የቆርቆሮ ነው አሉ። "የድሮውን ሳንቲም ላኩልኝ፣ ያለውን ሁሉ።"

ሐጃ ስልክ ላይ የሚጮኹት ድምፃቸውን በጉሮሯቸው ኃይል ካይሮ የሚያደርሱት ይመስል ነበርና ጉዳዩን ኩሽና ሆኜ ሰማሁት። ወዲያው ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ወደሚገኝ አንድ ዕቃ ላኪ ደወሉ። ሰውየው ጭነት በባቡር እስከ ሐልፋ ወደብ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ግብፅ የሚያደርስ ነው፤ የሚያስከፍለውም በኪሎ ነው። ስንት ኪሎ እንደሆነ ጠየቃቸው።

"አንድ የዘይት ቆርቆሮ ነው፣ ያውም ሙሉ አይደለም" አሉ ሐጃ። "አሥር ኪሎ ቢሆን ነው።"

ሰውየው የአሥር ኪሎ ቦታ ያዘላቸው። እኔ ደግሞ ቆርቆሮውን ወደ በረንዳ እንዳወጣ ታዘዝኩ። አንዱን ጎኑን ይዤ ሳብኩት። ንቅንቅ አላለም። ቀሚሴን ወደ ላይ ሸብ አድርጌ እንደገና ሞከርኩ።

"ዛሬ ምን ነክቶሻል? ቁርስ አልበላሽም?" አሉ ሐጃ።

"በልቻለሁ ሐጃ። እምቢ አለኝ እኮ።"

እሳቸውም ጎንበስ ብለው ሞከሩ። ቀና ሲሉ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነበር። "ሰውዬዬ ዳቦ ቤቱን ራሱን ነው እንዴ እዚህ የከተተው?" አሉና ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሳቁ።

የጎረቤታችንን ቪላ የሚጠብቅ አንድ የጎንደር ሰው ነበር። ጾም ሲገባ በኔ እጅ የተሠራ ሽሮ ይደርሰዋል፣ የኛ ቧንቧ ሲበላሽ ደግሞ እሱ ይጠግንልናል። ወደ ሱዳን ከመሻገሩ በፊት ሁመራ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ሠርቷል። ጠራሁትና መጣ። ቆርቆሮውን አንድ ጊዜ ዘመም አድርጎ መልሶ አቆመው።

"አሥር ኪሎ ያለው ማነው?"

"ሐጃ ናቸው። ይህን የሚያህል ቆርቆሮ ዘይት ቢሞላ ከአሥራ ስድስት ኪሎ አያልፍም ብለው።"

"ወሎዬዋ፣ ዘይትና ብረት አንድ ነው እንዴ?" አለኝ። "ይሄ ከአርባ በላይ ነው። ግን በክንድ የተገመተ ነገር አይታመንም።"

ሐጃ እንደገና ደወሉ። ዕቃ ላኪው ከአሥር ወደ አርባ መዝለሉን ሲሰማ አልወደደውም። ሐልፋ ላይ ዕቃውን መርከብ ላይ የሚያወጣው ተሸካሚ በጀርባው ስለሆነ፣ አንዱ ከረጢት ከሃያ ኪሎ እንዳይበልጥ፣ ጠቅላላ ክብደቱም ቀድሞ እንዲነገረው ፈለገ። "ቁርጡን ንገሩኝ፣ ቦታ የምይዘው በቁርጡ ነው" አላቸው። ሐጃ ስልኩን ዘግተው ወደኔ ዞሩ። እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። በዚያ ቤት የሒሳብ ሰው እኔ ነበርኩ።

ቤት ውስጥ ሚዛን የለንም። ጥግ ላይ ያለው ዱካን ግን ሁለት ሳህን ያለው የድሮ ሚዛን አለው። ባለሱቁ ሙሉ ቆርቆሮውን እንድመዝን ስለምነው ወረፋ የያዙትን ሰዎች አሳየኝ። "ቀኑን ሙሉ ሳንቲም ስመዝን ልዋል? ስኳር ፈላጊ እኮ አለብኝ። ጥቂት አምጪና እመዝንልሻለሁ፣ ከዚያ በላይ ማሌሽ።"

ማሌሽ ማለት እዚያ አገር "ይቅርታ፣ ምንም አይደል፣ አትቀየሚ" ሁሉንም ነው። አልተቀየምኩም። አንድ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አጥቤ ከቆርቆሮው ላይ ሳንቲም ሞላሁበትና ወሰድኩለት። የባዶውን ጣሳ ክብደት ቀንሶ የሳንቲሙን ነገረኝ። ከዚያ ያለው ሥራ ቀላል መሰለኝ፤ በዚያችው ጣሳ ቆርቆሮውን ሁሉ እየሰፈርኩ ወደ ሰፌድና ወደ ድስት ገለበጥኩ፣ በኋላም አባዛሁ። አርባ ኪሎ እንኳ አልሞላም። ደስ ብሎኝ ለጎንደሬው ነገርኩት።

"ጣሳዋን የሞላሽው ከየት ነው?"

"ከላይ ነዋ።"

ራሱን ነቀነቀ። "ሰሊጥ ውስጥ አሸዋ ካለ የት ነው የምታገኚው?"

"እኔ ሰሊጥ ምን አውቄ?"

"ከሥር ነው። ጆንያው በተነቃነቀ ቁጥር ደቃቁ ወደ ታች ይወርዳል። ላይ ያሉት ትልልቆቹ ናቸው፣ በመካከላቸው አየር አለ። ታች ያሉት ደቃቆቹ ግን ጥቅጥቅ ብለው ነው የተኙት። የመዘንሽው አየሩን ጭምር ነው።"

ነገሩ ገባኝ። ትንሽ ከፋኝ፣ ግን እውነቱን ነው። ስለዚህ ሁሉንም በየዓይነቱ ለመለየት ወሰንን።

እነዚያን ከሰዓት በኋላዎች እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ። ጊቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አንሶላ ዘርግተን ሳንቲሙን እንደ ምስር እንለቅመው ነበር። ጎንደሬው በአንድ ዓይኑ የጌቶቹን በር እያየ፣ በሌላው ይለያል። ከላይ የኒም ቅጠል ይረግፍብናል፣ እጃችን እንደ መካኒክ እጅ ጠቁሯል። ሐጃ ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ወንበር አስመጥተው አጠገባችን ይቀመጡና አንዳንዱን እያነሡ ያሳዩናል። ግመል ላይ የተቀመጠ ፖስተኛ የተቀረጸበት ነበር። ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የሆነም ነበር፣ ከነሐስ የተሠራ።

"በዚህ በአንዱ ስንት ዳቦ ይገዛ እንደነበር ታውቃላችሁ?" ይሉናል። መልሱ በየቀኑ ይለያይ ስለነበር ጎንደሬው በአማርኛ "የዳቦው ዋጋ ዛሬም ረከሰ" ይለኛል። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን ወደ ዛፉ አዞራለሁ።

ሦስት ክምር ሆነ፦ ትልልቁ ነጭ፣ ትንንሹ ነጭ፣ ባለአበባው ነሐስ። ከየክምሩ አንድ አንድ ጣሳ ወደ ዱካኑ ወሰድኩ። ባለሱቁ አሁን ነገሩን ወድዶት ስለነበር ወረፋ የያዙትን ራሱ "ትንሽ ታገሡ፣ ያላ፣ በሉ፣ እሷ ትቅደም" አላቸው። የሦስቱ ጣሳዎች ክብደት ተለያየ። እያንዳንዱን ክምር ለብቻው ሰፍሬ፣ ለብቻው አባዝቼ፣ በመጨረሻ ደመርኩ። አርባ ስምንት ኪሎ። ጎንደሬውም መሬት ላይ በእንጨት ጽፎ ደመረና እዚያው ደረሰ።

ዕቃ ላኪው አርባ ስምንት መሆኑ ተነገረው፣ እሱም ቦታውን አስተካከለ። ጎንደሬው ከአሮጌ የድንኳን ሸራ ሦስት ከረጢት በወስፌና በሲባጎ ሰፋ። ሳንቲሙ በሦስቱ ተከፍሎ ገባና የጭነቱ ቀን እስኪደርስ አፉ ሳይታሰር ሳሎን ተቀመጠ።

በቀኑ ከረጢቶቹን አስረን ሪክሻ፣ ያው ባጃጅ፣ ጠራን። ባለሪክሻው ሦስቷን ትንንሽ ከረጢት አይቶ "ይቺን?" ብሎ ናቃት። ሁለቱን ከኋላ ጭነን እኔና ጎንደሬው ሦስተኛውን ይዘን ስንቀመጥ የሪክሻው የፊት ጎማ ከመሬት ብድግ አለ። ባለሪክሻው ወርዶ አየን፣ ጎማውን አየ፣ እንደገና አየን። በመጨረሻ ጎንደሬው አንዱን ከረጢት ታቅፎ ከሹፌሩ ጎን ፊት ተጣቦ ተቀመጠና እስከ ሱቅ ዐረቢ እየተንቀረፈፍን ሄድን።

ዕቃ ላኪው በመጋዘኑ በር ላይ የቆመ የብረት ሚዛን አለው። አንድ በአንድ ጫነልን።

"አርባ ሦስት" አለ።

"አርባ ስምንት መሆን አለበት" አልኩት።

"አርባ ሦስት ነው ልጄ። ቢቀንስ ለናንተ ነው የሚጠቅመው።"

እንደገና እንዲመዝን ለመንኩት፣ መዘነ። ያው ነው። ጎንደሬው ራሱ ሚዛኑ ላይ ወጣና የሚያውቀውን ክብደቱን አየ፤ ሚዛኑ ልክ ነበር። ከረጢቱ ደግሞ የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይደለም።

ሳንቲሙ ምንም እንደማይገዛ አውቃለሁ። ግን ሰው ቤት ለምትሠራ ሴት ከባድ የሚሆነው የጠፋው ነገር ዋጋ አይደለም፣ "ጠፋ" የሚለው ቃል ነው። ማዮ አብረውኝ የኖሩ ሴቶች በአንድ የጆሮ ጌጥ፣ ያውም በኋላ አልጋ ሥር በተገኘ፣ ከነሻንጣቸው ሲባረሩ አይቻለሁ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ነን፤ ሐጃና እኔ።

"ለሐጃ አትንገሪያቸው። ማን ያውቃል?" አለኝ ጎንደሬው።

"እኔ አውቃለሁ" አልኩት። "ነገ እህታቸው መዝነው 'አርባ ሦስት ደረሰኝ' ቢሉስ?"

የተመለስነው በአውቶቡስ ነው። መንገዱን ሁሉ በአረብኛ የምናገረውን ሳሰናዳ ነበር። ሐጃ ሳሎን ቁጭ ብለው ነበር። አልተቀመጥኩም።

"ሐጃ፣ ሚዛኑ አምስት ኪሎ ጎደለ። እኔ ወላሂ አንድም አልነካሁም። ክፍሌንም፣ ሻንጣዬንም ይዩት።"

የሐጃ ፊት ቀላ። ያን ያህል ዓመት ስኖር ሐጃ ሲያፍሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተነሥተው እጄን ያዙና ወደ መኝታ ቤታቸው ወሰዱኝ። የሙሽርነት ሣጥናቸውን ሲከፍቱ፣ ከሽቶ ጠርሙሶቹና ከነጠላዎቻቸው በታች በትራስ ልብስ የተቋጠረ ነገር አየሁ። ፈቱት። ባለአበባው ነሐስ ነው።

"እዚያ እንደገና ተመዝኖ ጉድለቱ ይታወቃል ብዬ መች አሰብኩ" አሉ። "ሁሉም እንዲሄድ መፍቀድ አልቻልኩም። ሰውዬዬ ከዳቦ ቤት ሲመለስ ይሄ በኪሱ ሆኖ ይንሿሿ ነበር። በሩን ሳያንኳኳ መምጣቱን የማውቀው በዚያ ነው። ሻይ የምጥደውም ያን ጊዜ ነው።"

መጀመሪያ እፎይ አልኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ።

"ቢነግሩኝ ምን ነበረበት ሐጃ? ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ።"

"ያረጀች ሴት ሳንቲም ደበቀች ትሉኛላችሁ ብዬ ነዋ።" ከዚያ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። "አንቺን ግን እንዴት ብዬ ነው የምጠረጥርሽ? ይህን ሁሉ ዓመት የቤቴ ቁልፍ ያለው አንቺ ዘንድ አይደል?"

አለቀስኩ፣ እሳቸውም አለቀሱ፤ ብዙም ሳንቆይ ስለ ሪክሻው ጎማ ስነግራቸው ሣጥኑን ተደግፈው ሳቁ። ጎንደሬው በር ላይ ቆሞ ፍርዱን ይጠብቅ ነበር። ሁለታችንም ስንስቅ ሲሰማ ሳይጠየቅ ገብቶ ውኃ ቀድቶ ጠጣ።

ከረጢቶቹ በሰላም ደረሱ። ከጥቂት ወራት በኋላ እህትየው በመንገደኛ እጅ የቪዲዮ ካሴት ላኩልን። ሐጃ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስበው አጫወቱት። ሙሽራዋ ወገቧን ስታንቀሳቅስ ሳንቲሙ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሐጃ "ስሙት፣ የሰውዬዬ ኪስ ካይሮ ላይ እየጨፈረ ነው" አሉ።

ያ ምሽት ለኔ ሌላ ነገር አመጣ። ካሴቱን ያዩት ሴቶች በየቤታቸው ያለውን አሮጌ ሳንቲም እያወጡ "ለእህትሽ ላኪልን" ይሏቸው ጀመር። ሐጃም ሁሉንም ወደኔ መሩ። ለመመዘን ድካሜ ከእህትየው የሚላክልኝን አጠራቅሜ ሚዛን ገዛሁ፣ የራሴን። የአገሬ ልጆች ይህን ሰምተው ወደ ቤተሰብ የሚልኩትን ልብስና ብርድ ልብስ ያመጡልኝ ጀመር፤ እየመዘንኩ፣ እያሸግሁ፣ ወደ መተማ ለሚሄዱ ነጋዴዎች አስረክባለሁ። ሳንቲሙ ሲያልቅ ይሄኛው ቀጠለ። ኋላም ሱቅ ዐረቢ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። ጎንደሬው ጥበቃውን ትቶ ከረጢት ሰፊዬ ሆነ፤ ሚስቱንም ከጎንደር አመጣት።

ሐጃ፣ ሌሎች እመቤቶች ሠራተኛ ሲለቅባቸው እንደሚያኮርፉት፣ አላኮረፉም። ወር በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ በታክሲ እየመጡ፣ ሚዛኑ አጠገብ ወንበር ይዘው ይቀመጡና ደንበኞቼን ያዛሉ። "ቀስ ብለሽ ጫኚ" ይላሉ። "ይህን ከላይ አድርጊው።" የማያውቋቸው ሰዎች የሥራው ባለቤት እሳቸው ይመስሏቸው ነበር። እኔም አርሜ አላውቅም፤ ሻይ አቅርቤላቸው ሥራዬን እቀጥላለሁ።