መሪጌታን የለካሁበት ኮት

የአናጢነቴ የመጀመሪያ ቀን የዋለው በግ ቤት ውስጥ ነው። እሠራበት የነበረው የላሊበላ ሆቴል እንግዳ ሲርቀው አስተናጋጅነቴን ትቼ፣ መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮና ሞረድ ይዤ ከጓሮዬ ገባሁ። ሚስቴ ብርነሽ በጎቹን እያስወጣች፣ «እስከ ገና አንድ ሰው ካላመሰገነህ ይመለሳሉ» አለችኝ። በጎቹም ደጅ ቆመው ያዩኝ ጀመር።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ጎረቤታችን መሪጌታ ናቸው። ለገና ማሕሌት የወይራ መቋሚያ አዘዙኝ። መቋሚያ ብብት ሥር ገብቶ ቆሞ የሚያድርን ሰው የሚደግፍ ነውና ልኩ ቀልድ አያውቅም።

«በል ለካኝ» አሉ። ሜትሬን ስዘረጋ ደረታቸውን ነፉ፣ አንገታቸውን አሰገጉ። ከመሬት እስከ ብብታቸው ለካሁ። ስድስት ቀን ሙሉ ላግሁት፣ ሞረድሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት።

ወሰዱት፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይዘውት መጡ። «ልጄ፣ ይሄ መቋሚያ ይሰቅለኛል እንጂ አይደግፈኝም።»

«እስቲ ይቁሙበት።» ቆሙ። ልክ ነው!

«አራት ጣት ልቀንስልዎ?»

«እኔን አጭር ልታደርገኝ ነው? መጋዝ እንዳታስነካው!»

በሳምንቱም ያው ሆነ። በግ ቤት ውስጥ ልክ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ረጅም። ለገና ሦስት ቀን ቀረ። አገር ሁሉ እያየ መሪጌታ በእኔ እንጨት ሊሰቀሉ መሆኑን ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ።

ነገሩን የነቃችበት ብርነሽ ናት። «አንተ ሰው፣ ዓይን የለህም? ስትለካቸው እኮ ተረከዛቸው መሬት አይነካም!»

ይህን ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል? በማግስቱ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም መውጣታቸውን ሰማሁና ከሰዓት በኋላ መውረጃው ላይ ጠበቅኋቸው። ጎብጠው፣ መቋሚያውን ከወገቡ ጨብጠው መጡ።

«እንደምን ዋሉ አባቴ?»

«ተወኝ፣ ጉልበቴ አልቋል» ብለው ክንዳቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ብብታቸው ከኮቴ ሁለተኛ ቁልፍ ትይዩ ዋለ። የምፈልገው ይህንኑ ነበር። ቤታቸው ካደረስኋቸው በኋላ «መቋሚያውን የኑግ ዘይት ላጠጣልዎ» ብዬ ተቀብያቸው ሮጥሁ።

«ኮትህን አውልቅና እራት ብላ» አለች ብርነሽ።

«ልኩ ይጠፋል!» ብዬ ጮኽሁ። ጫማዬንም አላወለቅሁም። መቋሚያውን ከጎኔ አቆምሁት፤ እሷም በቁልፉ ትይዩ በከሰል አሰመረች። ከመስመሩ በላይ የተረፈው አራት ጣት ነበር፤ ያንኑ ያህል ከግርጌው ቆረጥሁ። ዘይቱንም አጠጣሁት፤ ውሸታም አይደለሁማ።

የገና ለት መሪጌታ ማሕሌቱን ሙሉ ተደግፈውት ቆሙ። ሲወጡ በሰው ፊት ጠሩኝ።

«አየህ ልጄ፣ መጀመሪያም ልክ ነበር። እንጨቱ እስኪደርቅ ነው እንጂ! እጅህ ይባረክ።»

«አዎ አባቴ፣ ደርቆ ነው» አልሁ። ቁራጩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ደስታዬን ግን መደበቅ አልቻልሁም፤ በጎቹም ሌላ ቤት ተሠራላቸው።

ከዚያ ወዲህ ለመለካት ብሎ የቆመን ሰው ለክቼ አላውቅም። ሰው የሚለካው ሲደክመው ነው።