ባዶውን የማይመለስ ዕቃ

ፕላስቲክ ነው ስላችሁ እንዳትስቁ። በቂ ተስቆብኛል። ዳላስ ውስጥ ሐበሻና ሐበሻ ሲተዋወቅ «ምን ትሠሪያለሽ?» መባሉ አይቀርም፤ መልሱም የታወቀ ነው፤ ሹፌር፣ ነርስ፣ ዌርሃውስ፣ ኤርፖርት። እኔ «የድሮ ዕቃ እየገዛሁ እሸጣለሁ» ስል ሰው መጀመሪያ ያዝንልኛል፣ ቀጥሎ ሳቁን ያፍናል። «አሜሪካ ድረስ ሄደሽ ቁራሌው ሆንሽ?» ያለችኝ የገዛ እህቴ ናት። አዎ፣ ሆንኩ! የአዲስ አበባው ቁራሌው ሰፈር ለሰፈር እየጮኸ ይዞራል፤ እኔ ደግሞ ሰው ሲሞት ወይ ሲዛወር የቤቱ ዕቃ በሙሉ ለሽያጭ በሚወጣበት ቀን ማልጄ እሰለፋለሁ። የገዛሁትን አንድ ትልቅ የአንቲክ አዳራሽ ውስጥ በተከራየኋት ጥግ እሸጣለሁ። ልዩነታችን ይኸው ነው።

የአበባ ማስቀመጫውን ያገኘሁት ፎርት ዎርዝ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። የአትክልት ጓንት ጠቅጥቀውበት ነበር። ነጭ ነው፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ሞልድ ውስጥ ገብቶ አንድ ወጥ ሆኖ የወጣ፣ መገጣጠሚያ የሌለው። ቀጥ አድርጋችሁ ስታቆሙት አፉ ሰፊ ነው፤ ስትገለብጡት ደግሞ ጠባብ አፍ ያለው ሌላ ዕቃ ይሆናል። ጓንቱን ሳወጣ የአንድ ታዋቂ ጣልያናዊ ዲዛይነር ስም እዚያው ውስጡ ተቀርጾ አየሁ። የመጀመሪያው ምርት ነው። እንዲህ ያለውን ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ይፈልጉታል። ስንት እንደሚያወጣ አልነግራችሁም፤ ፕላስቲክ ለዚህ ያህል ብላችሁ ደግሞ ልትስቁብኝ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሰበስብ አንድ ሰብሳቢ ፎቶውን አይቶ ቅዳሜ ቀትር ላይ መጥቶ ሊወስደው ተስማማን።

አሁን እማማን ላስተዋውቃችሁ። ሌክ ሃይላንድስ ባለው አፓርትማችን፣ ኮሪደሩን ተሻግሮ ከእኔ ፊት ለፊት ነበር የሚኖሩት። የማያውቃቸው አልነበረም። በርማዊውም ሜክሲኳዊቷም «ማማ» ነበር የሚሏቸው። እኔ ቀዶ ሕክምና አድርጌ በተኛሁ ጊዜ አጥሚት እያጠጡ፣ ጀርባዬን እያጠቡ ከአልጋ ያነሱኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ በሕይወት ብትኖር ከዚያ በላይ አታደርግልኝም።

አንድ ልጅ አላቸው። ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው ፍሪስኮ ኦፊስ ይሠራል፤ እዚያው ትልቅ ቤት ገዝቷል። እናቱን ይወዳል፣ ይሄን አልክድም። ግን ወስጄ እኔ ጋ ላስቀምጣት ይላል፤ እሳቸው ደግሞ በሬሳዬ ካልሆነ ይላሉ። «እዚያ ቤት እንጂ ሰው የለም» ይሉኝ ነበር። «ሁሉም በመኪናው ጋራዥ ይገባል፣ በመኪናው ይወጣል። ባለፈው ከጠዋት እስከ ማታ በመስኮት ሳይ ውዬ ሰላም ያልኩት የሰው ውሻ ነው።»

በዚያ ሰሞን ምስር ጥደው እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ነበር። የጭስ ማንቂያው ጮኸ፣ እሳት አደጋ መጣ፣ ሕንጻው በሙሉ ግቢ ወጥቶ ቆመ። ከምስሩ በቀር የተቃጠለ ነገር የለም። ልጃቸው ግን ከፍሪስኮ እየበረረ መጣና እኔው ፊት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ እንዲህ አላቸው፤ «እማዬ፣ ስሚኝ። አንድ ነገር ብቻ። አንድ ሌላ ነገር ከሰማሁ የቤቱ ኪራይ ሊዝ በኔ ስም ነው፣ ብሬክ አድርጌ እወስድሻለሁ። ከዚያ በኋላ እሺም እምቢም የለም።»

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድጃቸውን አጥፍተው አንዴ ይነካሉ፣ ወጥተው ተመልሰው ደግሞ ይነካሉ። ሳያቸው አንጀቴን ይበሉት ነበር።

ከዚያ የእኔ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ከላይ ካለው ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ሳሎኔ መሃል ውሃው ይንጠባጠባል። የአፓርትማው ኦፊስ «ሰው እንልካለን» አለ፤ እስኪልክ ዕቃዬን በሙሉ ወደ እማማ ቤት ማሻገር ነበረብኝ። ልጃቸው አጋጣሚ እዚያው ነበርና ካርቶን ተሸከመልኝ። የአበባ ማስቀመጫው ጋ ሲደርስ ቆመ። ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ያገኘሁት ቀን እኔው ራሴ ጉራዬን ነዝቼበታለሁ።

«ይሄን እማዬ ጋ አታስቀምጪው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መኪናሽ ውስጥ አድርጊው።»

«በዚህ የዳላስ ሙቀት? ጎብጦ እንዲቀር?»

«እኔ ነግሬሻለሁ። የሆነ ነገር ቢሆን ማለቴ... ነግሬሻለሁ።»

«አንተ ምን አገባህ!» አልኩት። ስለ እናቱ እንደዚያ ሲያወራ ደሜ ይፈላል። እያየኝ ይሁን ብዬ ዕቃውን በሁለት እጄ ይዤ እማማ ፊት ቀረብኩ። «እማማ፣ ይቺን አደራ» አልኳቸው። እሳቸውም ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ፕላስቲክ ነው?»

«አዎ፣ ፕላስቲክ ነው።»

«ይሁን፤ አደራ አደራ ነው» አሉና ቁም ሳጥናቸው አናት ላይ፣ ከሥዕለ አድህኖው አጠገብ አስቀመጡት። ዋጋውን አልነገርኳቸውም። ለዚች ለጆግ ያን ያህል ብር የሚከፍል አለ ብላቸው ጸበል ሊወስዱኝ ነው የሚነሱት።

ጣሪያው ተጠገነ። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃዬን ላመጣ ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ በሬ ተንኳኳ። ከበሩ በፊት ሽታው ነው የደረሰኝ፤ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ እርድ። ልቤ የሆነ ነገር አውቋል፤ በሩን ከፈትኩ።

እማማ ቆመዋል። በፎጣ ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈውታል። ፊታቸው ፈክቷል።

«ይኸው አደራሽ። ባዶውን እንዴት እመልሳለሁ ብዬ ነው። የእህቴ ቅቤ ነው፣ የመጨረሻዋ። አሁን አንጥሬ፣ ከነትኩሱ ገለበጥኩልሽ።»

ፎጣውን ገለጥኩት። የአበባ ማስቀመጫው ወደ አንድ ጎኑ ሰምጧል። ሰፊው አፉ ተጣሞ እንደሚያለቅስ ልጅ ከንፈር ወደ ታች ወርዷል። ነጭ የነበረው ሁሉ ቢጫ ነው፤ እርድ ደግሞ ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ በረኪናም አምላክም አያወጣው። ቅቤው ሞልቶበታል።

«ምን አደረጉ!» ብዬ ጮህኩ። «እማማ፣ ምን አደረጉ!»

«ምነው ልጄ? ጾም ነው እንዴ ዛሬ?»

እንኳን ጾም! መጮህ ፈልጌ ነበር፤ ዕቃ መወርወር፣ ግድግዳ መምታት። የእህታቸው ነገር ነው የያዘኝ። ያን ቅቤ እህታቸው ናቸው ከአገር ቤት ለመንገደኛ አስይዘው የላኩላቸው፤ ላኩትና ወዲያው ታመው አረፉ። እማማ ፍሪዘራቸው ውስጥ ቆልፈውበት ለጥምቀትም ለፋሲካም አልነኩትም። ልጃቸው እንኳ ቢጠይቃቸው «ቆይ» ነበር የሚሉት። ያን ቅቤ ነው ለእኔ ያነጠሩት፣ ለዚያውም አደራዬን ባዶውን ላለመመለስ። ምን ይባላል?

ዕቃውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። በጣታቸው የተጣመመውን ጠርዝ ዳሰሱት።

«ጎብጧል እንዴ? እኔኮ ፕላስቲክ ነው ስትይኝ... ውድ ነው?»

«አይ፣ ምንም አይደል» አልኩ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሰብሳቢው ነው፤ መንገድ ላይ ነኝ ብሏል፤ «አትምጣ» ብዬ ጻፍኩለት። በዚያው ቅጽበት ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ አስቤዛ ሊያስገዛቸው ይመጣል። እማማም ሰሙ። ፈክቶ የነበረው ፊታቸው ጠወለገ። «አትንገሪው» አላሉኝም። እጃቸው ብቻ ነጠላቸውን ይዞ ቀረ።

ዕቃውን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ፎጣውን መልሼ አለበስኩት። ሽታውን ግን በምን ላለብሰው?

«ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» እያለ ልጃቸው በተከፈተው በሬ ገባ። እናቱን ሳመ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ ፎጣውን በሁለት ጣቱ አነሳው። «ኖ። ኖ፣ ኖ፣ ኖ።» ዞሮ አየኝ። «እናቴ ናት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ? በጓንት የምትይዢውን ዕቃ? ሰው ሲተነፍስበት የምትቆጪውን?»

«ቸኩዬ ነው። ሌላ ዕቃ አጥቼ ነው።»

«አትቀልጂብኝ። ቅቤውን አውቀዋለሁ፣ የአክስቴ ነው። እውነቱን ንገሪኝ።»

ምን እንደነካኝ እንጃ፤ እናቱ ነጠላቸውን ጨብጠው አጠገቤ ቆመው ሳያቸው አፌ ቀደመኝ። «ሚካኤልን! እኔ ነኝ! ቅቤውን ለምኜ ወሰድኩ፣ እኔው አነጠርኩ፣ እኔው ገለበጥኩ! እሳቸው አልነኩትም!»

እማማ አማተቡ። «አንቺ ልጅ!» አሉ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም። «መልአኩን በእኔ ጉዳይ በሐሰት ትጠሪያለሽ? እኔ ነኝ ያደረግኩት። በገዛ እጄ።»

ልጃቸው ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ የቢሮ ሰው ሒሳብ አልገጥም ሲለው እንደሚሆነው ግንባሩን ያዘ።

«ሶ፣ ትሸፋፍኚላታለሽ» አለኝ። «በመሐላ ጭምር። ሌላስ ምን ሸፍነሻል? ምድጃው ስንት ጊዜ ነው? መድኃኒቷን ስንቴ ዘለለች? እዚህ ሰላም ነው እያልሽ ኮል ስታደርጊልኝ የነበረውስ?»

«አንድ ጊዜ ነው! ምስሩ ብቻ! ሌላ የለም!»

«እንዴት ብዬ ልመንሽ?»

ያኔ ነው እውነቱ የመጣልኝ፤ ሰው ቤቱ ከተዘረፈ በኋላ ቁልፍ እንደሚገዛው። «ስማኝ» አልኩት፣ ክንዱን ይዤ። «እናትህ አልረሱም። ሰው ሲረሳ ነው ዕቃ ባዶውን የሚመልሰው! አደራ ተቀበሉ፤ አደራ ባዶውን አይመለስም፤ ያላቸውን ምርጥ ነገር ሞሉበት። ዋጋውን ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ። አንተ ልጅ ሆነህ የጎረቤት ሳህን ባዶውን ይዘህ በር አንኳኩተህ ታውቃለህ?»

ቀና አለ። አውቆታል። ለአንድ አፍታ ዓይኑ ውስጥ የድሮ ሰፈሩን ያየሁ መሰለኝ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ዳንን ብዬ ነበር።

«አውቀዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «መጀመሪያ ይሄን ብትይኝ ኖሮ... ግን አሁን የማልሽውን ልመን ወይስ ይሄን? ኦኬ፣ ይሄስ እውነት ነው እንበል። ነገ ምድጃው እሳት ቢያስነሳ ትነግሪኛለሽ? እናቴን አምኜ ለማን ነው የምተዋት?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እውነት ግን ለማደር ጊዜ አልነበራትም።

«ተዪው» አሉኝ እማማ። «እሄዳለሁ።»

«እማማ፣ ኧረ እባክዎ! እንነጋገራለን፣ ይቆዩ...»

«የለም። ዛሬ ለቅቤ ማልሽልኝ። ነገ ለእሳት ልትምዪልኝ ነው። ሰው በእኔ ምክንያት ነፍሱን እያረከሰ እዚህ ቤት እንቅልፍ አይወስደኝም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ና፣ አልጋ ልብሴን አውርድልኝ።»

ተከትያቸው ወደ ቤታቸው ተሻገርኩ። ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ በራሴ ተናደድኩ፣ በእሱም ተናደድኩ። እሱ ያኔ ደንግጦ ነበር፤ እንዲህ በአንዴ እሺ ይሉኛል ብሎ አልጠበቀም መሰለኝ፣ «እማዬ፣ ዛሬ እኮ ባይሆንም...» ማለት ጀምሮ ነበር። አልሰሙትም። ሥዕሉን ራሳቸው አወረዱ። ምድጃውን አንዴ ነኩ፣ ወጡ፤ ለሁለተኛ ጊዜ አልተመለሱም።

ደረጃው አናት ላይ ደርሰን አቅፈው ሳሙኝ። ቅቤ ቅቤ ይሸታሉ።

«ልጄ ክፉ አይደለም» አሉኝ በጆሮዬ። «እውነቱን ብትነግሪው ያምንሽ ነበር። ጎረቤት ዘንድ ሙሉ ሳህን አስይዤ የላክሁት እኮ እሱን ነው።»

ልጃቸው ክንዳቸውን ይዞ ቀስ እያሉ ወረዱ፣ እኔም የመኪናው በር ሲዘጋ እስክሰማ ድረስ እዚያው ቆምኩ።