በድምፅ ብልጫ ኳድራቲክ የሆነው እኩልታ

አይናለም ቀይ አፈር ተወልዳ ጂንካ ላይ ሒሳብ ስታስተምር ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ናት። ሰው መናቅ ትችልበታለች፤ የእዩኤልን ያህል የናቀችው ግን የለም።

እዩኤልም የሒሳብ መምህር ነበር፤ ያውም የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ! ፕላዝማ በየክፍሉ በገባበት ዘመን ከቴሌቪዥኑ ጎን እጁን አጣምሮ መቆም ሥራ የመሰለው ሰው ነው። የፕላዝማው መምህር ይቸኩላል፤ ተማሪው የመጀመሪያውን መስመር ገልብጦ ሳይጨርስ ምስሉ ይቀየራል። የቀረውን ማስረዳት የእዩኤል ፋንታ ነበር። እሱ ግን «በአጭሩ፣ ካሬ ካያችሁ ኳድራቲክ ነው» ብሎ ይገላገላል። ዩኒቨርሲቲ የበላው እንጀራ ያሳዝናል።

አይናለም ክፍል ይህ አይሠራም። «መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ሰብስቡ፤ የሚጣፋውን አጣፉ። ካሬው ከተረፈ ያኔ ኳድራቲክ በሉት» ትላለች።

የዘጠነኛ ክፍል የጋራ ፈተና መጣ፤ ያወጣውም ያረመውም እዩኤል ነው። x² + 3x = x² + 12 ኳድራቲክ ነው ወይስ አይደለም? የአይናለም ተማሪዎች ካሬውን በካሬው ሲያጣፉት 3x = 12 ብቻ ቀረና «አይደለም» አሉ። ተሳስታችኋል ተባሉ። በዚህች ጥያቄ ምክንያት ጎበዟ ኤልዳና፣ የቀን ሠራተኛ ልጅ፣ አንደኛነቷን ለእዩኤል ተማሪ አስረከበች።

አይናለም በንዴት ጨሰች። ጉዳዩም በዚያን ዘመን እንደ ማንኛውም ጉዳይ ግምገማ ላይ ቀረበ። ሰሌዳው ላይ ሠርታ አሳየች።

እዩኤል ምንም ሳያፍር፣ «ካሬው እኮ አንቺ እስክታጣፊው ድረስ ነበረ» አለ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ተሰማ ሰዓታቸውን አዩ። «ሁለታችሁም ጠንካራ ሐሳብ አንስታችኋል፤ በድምፅ እንለየው። ኳድራቲክ ነው የምትሉ?»

የአማርኛው፣ የስፖርቱ፣ የሥነ ዜጋው መምህር እጅ ወጣ። የሥነ ዜጋውማ ሁለቱንም እጁን ቢያወጣ ደስ ባለው።

«አይደለም የምትሉ?»

አይናለም ብቻዋን። ቃለ ጉባኤ ተያዘ። እሷም ለብዙኃኑ ውሳኔ አልገዛም ባይነት ታይቶባታል ተብላ ተገመገመች፤ ይህን ነገር ከደገመች ዘጠነኛ ክፍልን ለእዩኤል እንደምትለቅ ተነገራት። ለእዩኤል! ልጆቿን ለዚያ ሰው ከመስጠት ሞቷን ትመርጥ ነበር።

የማጠቃለያው ፈተና ሲደርስ ኤልዳና የመምህራን ማረፊያ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ቲቸር፣ ያቺ ጥያቄ ደግማ ብትመጣ ምን እንበል?»

አይናለም ግራ ቀኟን አየች። ከውስጥ የእዩኤል ሣቅ ይሰማል።

«ለፈተናው ያህል… ኳድራቲክ ነው በሉ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ኤልዳና ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ወደ ክፍሏ ሄደች። አይናለም እዩኤልን እንኳ እንዲህ ንቃ አይታው አታውቅም።