የአምስተኛው ምዕራፍ ባለቤት

ጁባ በተማርኩባቸው ሁለት ዓመታት እንደ ስታቲስቲክስ ፈተና የጠላሁት ነገር የለም። ፈተናው ራሱ ሲመጣ የሦስት ሰዓት ጣጣ ነው፣ እሱን እችለው ነበር። የጠላሁት አልመጣ ማለቱን ነው።

የደቡብ ሱዳን የነጻነት ሪፈረንደም ከመድረሱ በፊት በነበረው ዓመት ነው። በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ለመያዝ የቀረን ይኸው ፈተና ብቻ ነበር። ከክፍላችን ተማሪዎች አብዛኞቹ ካርቱም የተማሩ ናቸው። አስተማሪው በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ክፍሉ በዓረብኛ ይጠያየቃል፣ እኛ ሦስታችን ደግሞ ጥግ ይዘን በአማርኛ እንነታረካለን። ጓደኛ ያደረገን ይኸው አማርኛችን ነው።

እኔ አትላባራ ሰፈር ምግብ ቤት ካላት አክስቴ ጋር እኖራለሁ። ሁለተኛው ጋምቤላ ያደገ ልጅ ነው፤ በአክስቴ በር ጎንበስ ሳይል መግባት ስለማይችል “ረጅሙ” እንለዋለን። ሦስተኛዋ አዲስ አበባ ያደገች፣ ጦርነቱን ካቆመው የሰላም ስምምነት በኋላ ከወላጆቿ ጋር ወደ ጁባ የተመለሰች ልጅ ናት። ተመለሰች ይባላል እንጂ ከዚያ በፊት ጁባን በዓይኗ አይታት አታውቅም። አግብታለች። ባሏ ርቆ ማላካል ከተማ ይሠራል፣ እሷ “ጁባ ና ባሪ” በሚባል የጁባ ሰፈር ከባሏ እናት ጋር ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን እርጉዝ ነበረች።

የምናጠናው አክስቴ ቤት ነው፣ የምሳ ሰው ወጥቶ የማታው እስኪመጣ ባለው ሰዓት። ጥናታችን ደንብ ነበረው። ምዕራፎቹን ተከፋፍለናል፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ ባለቤት አለው። ባለቤቱ አንብቦ፣ ታግሎ፣ ለሌሎቹ ያስረዳል። ከዚያ ጥያቄ እንጠያየቃለን። አንድ ሰው መልስ ከሳተ ታዲያ የሚቀጣው እሱ ሳይሆን ያስረዳው ባለቤት ነው። ያልገባው ሰው ምን ያድርግ፣ ጥፋቱ በደንብ ያላስረዳው ነው ብለን ገና አንደኛ ዓመት እያለን ተስማምተናል። ቅጣቱ የምግብ ቤቱን ብርጭቆ ማጠብ ነው። አክስቴ ይህን ደንብ በጣም ወደደችው። አንዳንድ ቀን ብርጭቆው እኛ እስክንመጣ ሆን ተብሎ የሚቆይ ይመስለኝ ነበር።

አምስተኛው ምዕራፍ ስለ ፕሮባቢሊቲ ነው፣ ስለ ዕድል ስሌት። እኔም ረጅሙም ሸሸነው። እሷ ግን “ባለፈው ዓመት የጣለኝ እሱ ስለሆነ እኔው ልያዘው” አለች። ከወጥ ቤት ቀይና ነጭ ቦሎቄ በጣሳ አምጥታ፣ ዓይናችንን አስጨፍና እያስወጣችን አስተማረችን።

“ከምንም በፊት አንድ ነገር ጠይቁ” ትለናለች። “የወጣው ተመልሶ ይገባል ወይስ አይገባም? ይህን ሳትጠይቁ ቁጥር እንዳትነኩ።”

ረጅሙ ሁልጊዜ ይረሳዋል። ያወጣውን ቦሎቄ በሐሳቡ መልሶ ጣሳው ውስጥ ይከትና መልሱን ያበላሻል። እሷም ሆዷን ደግፋ ትነሳና ብርጭቆ ልታጥብ ትሄዳለች። ተይ እኛ እናጥባለን ብንላት አትሰማም፤ “ደንብ ደንብ ነው” ትላለች። እኔን ደግሞ በካልኩሌተሬ ታበሽቀኛለች። የኔዋ ሰባት ቁጥሯ ስለማትሠራ ሁልጊዜ የእሷን ነው የምዋሰው።

የጣለኝ ያለችው እውነቷን ነው። ስታቲስቲክስን ከእኛ አንድ ዓመት ቀድማ ወስዳ አንዴ ወድቃለች። የወደቀ አንዴ ብቻ ይደግማል፤ በድጋሚው ከወደቀ ወይም ከቀረ ዲፕሎማ የለም። ሌላውን ትምህርት በሙሉ አልፋለች። ለልምምድ ገብታ የነበረችበት አንድ የእርዳታ ድርጅት ዲፕሎማውን እንደያዘች እንደሚቀጥራት ነግሯታል። ከባሏም ጋር ተነጋግረዋል፤ ሥራ ካገኘች ጁባ ትቆያለች፣ ካላገኘች ስትወልድ ልጁን ይዛ ወደ እሱ ትሄዳለች። መሄድ ደግሞ አትፈልግም። “ማላካል ውስጥ የማውቀው ሰው ባሌን ብቻ ነው፣ እሱንም ገና እየተዋወቅኩት ነው” ብላ ራሷ ትስቃለች።

መጀመሪያ በወጣው ፕሮግራም ፈተናው መውለጃዋ ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ ነበር። ተዝናንተን ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ አንድ ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አዳራሹ ለስብሰባ ስለተፈለገ ፈተናው ተራዝሟል የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ረጅሙ ደስ አለው፣ የእሱን ምዕራፍ ገና አልጨረሰም ነበር። እሷ ወረቀቱን ቆማ ብዙ አነበበችው። ከዚያ ተማሪዎች እርስ በርስ ተጣሉና ግቢው ተዘጋ። ሲከፈት ደግሞ የመፈተኛ ወረቀት ከካምፓላ አልደረሰም ተባለ። በየጊዜው ለመፈተን ተዘጋጅተን እንሄዳለን፣ በየጊዜው “ቡክራ” ተብለን እንመለሳለን። ነገ ማለት ነው። የዚያ ግቢ ነገ የትኛው ቀን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

ይህን ያላየ ሰው ምን ችግር አለው፣ ለማጥናት ጊዜ አገኛችሁ ይል ይሆናል። እኔ ግን አንዴ ያወቅኩት ነገር በሦስተኛው ክለሳ ተመልሶ ጠፋኝ። ቁጥሩን አየዋለሁ እንጂ አይገባኝም። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ቀን ደግሞ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ሙቀቱና ድካሙ ይጥለኛል። ረጅሙ አንድ ከሰዓት መጽሐፉን ዘግቶ “ከዚህ በኋላ ቁጥር ካየሁ አስታውካለሁ” አለ።

“ማስታወኩን ለኔ ተወው” አለችው።

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ሳልጨርስ ሳቄ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። ስታባብለኝ የዋለችው እሷ ናት። እግሯ አብጦ ሌላ ወንበር ላይ ሰቅላዋለች፣ እጇ የኔን ጀርባ ያሻል። አሁን ሳስበው ያበሽቀኛል፤ ማልቀስ የነበረባት እሷ ነበረች።

ወደ ሬጅስትራሩ ቢሮ የሄድነው በረጅሙ ሐሳብ ነው። ሦስታችንም ገባን። ረጅሙ በዓረብኛ ያስረዳል፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትጨምራለች። ቀድሜ ልፈተን አለች። ብቻዬን፣ እዚሁ ቢሮዎ ውስጥ፣ ዘበኛ ራሴ ላይ ቆሞ ልፈተን። ሰውየው አንገቱን ነቀነቀ። ፈተናው ገና አልታተመም፣ ሁሉም በአንድ ቀን ነው የሚፈተነው፣ ድጋሚ ለሚፈተን ሰው ሌላ ድጋሚ ደግሞ የለም። የሐኪም ወረቀት ባመጣስ? የሐኪም ወረቀት የሚያገለግለው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚፈተን ነው።

“ማሌሽ” አላት፣ አይዞሽ እንደማለት። የራሱን ወንበር አንስቶ ሰጣት፣ ከራሱ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳላት፣ ሚስቱም አስተማሪ ለመሆን ስትማር እንዲሁ በእርግዝና ፈተና እንዳመለጣት አጫወታት። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። እሱ ግን ደግ ነው፣ ደግነቱ ደግሞ ምንም አይሠራም። ውሃውን ጠጥታ አመሰገነችውና ወጣን።

ከዚያ በኋላ የቀረን እሷን መጠበቅ ብቻ ነው። ሞተር ላይ እንዳትቀመጥ ከለከልናት። ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ በሚኒባስ ስትመጣ እኔ በአንድ በኩል፣ ረጅሙ በሌላ በኩል እንቀመጣለን፤ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ሁለታችንም በእጃችን ወደ ላይ የምንይዛት ይመስል እንነሳለን። አክስቴ በርበሬ ከለከለቻት። ቀጥሎ ደግሞ አክስቴን በጸሎት እንድትረዳን ጠየቅኳት።

“አንቺ ልጅ፣ በሰላም እንድትገላገል ይጸለያል እንጂ እንዳትወልድ እንዴት ይጸለያል?” አለችኝ። ቢሆንም ጸለየች። ድንግል ማርያምን ትንሽ እንድታቆያት ስትለምን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በመጨረሻ ቀኑ ተቆረጠ፣ ወረቀቱም መድረሱ ተነገረ። እሷም ገና ናት። በዋዜማው አምስተኛውን ምዕራፍ ለመጨረሻ ጊዜ አስጠናችን፣ ረጅሙም እንደ ምንም ሳይሳሳት ቀረ። ያን ቀን ብርጭቆ ያጠበ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የባሏ እናት ናቸው፤ በዓረብኛ ብዙ ተናገሩ፣ የገባኝ “ቶሎ ነይ” የሚለው ብቻ ነው። ጁባ ና ባሪ ስደርስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ለፈተና ለብሳለች። ፀጉሯ ተይዟል፣ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ከአልጋው ሥር ወለሉ ርሷል። የሽርት ውሃዋ ፈስሶ ነበር።

“የውሸት ምጥ ነው” አለችኝ። “ብዙ ሰው ይመጣበታል። ሦስት ሰዓት ብቻ እኮ ነው፣ እችለዋለሁ።”

ይህን ብላ ሳትጨርስ ያዛት። ጥርሷን ነክሳ የአልጋውን ብረት ጨበጠች፣ ላብ በግንባሯ ወረደ። አማቷ እኔን እያዩኝ ነው፤ አንቺ ንገሪያት የሚል አስተያየት ነው።  ምጡ ሲለቃት ለመነሳት ሞከረች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ። 

የጎረቤት መኪና ተለምኖ መጣ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ቦርሳዋን ከፍታ ካልኩሌተሯን እጄ ላይ አስቀመጠች።

“ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።”

“ትቼሽማ አልሄድም።”

“እዚህ ሆነሽ ምን ታደርጊልኛለሽ? አንቺ ደግሞ ከቀረሽ ሁለት ሆንን ማለት ነው። ሂጂ አልኩሽ።”

ሄድኩ። እውነቷን ነው፣ የማደርግላት ነገር አልነበረም። ይህን እያወቅኩም መንገዱን ሙሉ ሞተር ላይ እያለቀስኩ ነው የደረስኩት።

አዳራሹ ውስጥ ፈታኙ ስም ይጠራል። የእሷን ጠራ። ደግሞ ጠራ። ረጅሙ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፣ ከፊቴ ሁሉ ነገር ገባው። ተነስቶ ለፈታኙ በዓረብኛ ልትወልድ ሆስፒታል ናት አለው። ፈታኙ “እንኳን ደስ ያላት” ብሎ ቀጣዩን ጠራ።

ጥያቄዎቹ ከባድ አልነበሩም። ያን ሁሉ ጊዜ ያስጨነቀን ነገር ይኸው ነው። አራተኛው ጥያቄ የእሷ ምዕራፍ ነው። በእሷ ካልኩሌተር፣ እሷ እንዳስረዳችኝ አድርጌ ሠራሁት። ቁጥሩ ሲመጣልኝ ደስ አላለኝም፣ የሰው ነገር የወሰድኩ መሰለኝ።

ከፈተናው በቀጥታ ከረጅሙ ጋር ወደ ሆስፒታል ሄድን። ተገላግላለች። ሴት ልጅ ናት፣ ደረቷ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። አማቷ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል።

“እንኳን ማርያም ማረችሽ” አልኳት።

“አሜን።” ድምፅዋ ደክሟል። ቀጥላ “ምን መጣ?” አለች።

ተማሪ ከፈተና ሲወጣ የሚጠየቀው ይኸው ነው። እኔና ረጅሙ ተያየን።

“አሁን ዕረፊ፣ ሌላ ቀን እንነግርሻለን” አልኳት።

“ምን መጣ አልኳችሁ እኮ።”

ረጅሙ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ከአእምሮው አንድ በአንድ ይነግራት ጀመር። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትመልሳለች። አንደኛውን መለሰች፣ ሁለተኛውን መለሰች፣ ሦስተኛው ላይ ትንሽ አሰበችና እሱንም አገኘችው። ልክ ነኝ ወይ ትላለች በየመሐሉ፣ ልክ ነሽ እንላለን።

“አራተኛው ያንቺ ምዕራፍ ነው” አላት። “ስድስት ቀይና አራት ነጭ ኳስ ከረጢት ውስጥ አለ። ሁለት ይወጣል። ሁለቱም ቀይ የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው?”

“የወጣው ይመለሳል?”

“አይመለስም።”

“አንድ ሦስተኛ” አለች ወዲያው።

ረጅሙ አንገቱን ደፋ።  “እኔ የወጣውን መልሼ ከረጢቱ ውስጥ ከትቼዋለሁ” አለ።

ዓይኗን ገልጣ አየችው። “በኔ ምዕራፍ? እንግዲያው ብርጭቆ የማጥበው እኔ ነኛ።” ልትስቅ ሞከረች፣ ሆዷን አመማትና ተወችው። ሕፃኗ ተንቀሳቀሰች። አማቷ ምን እንደምንባባል በዓረብኛ ጠየቋት፤ እሷም “ኸላስ፣ ፈተናው አለቀ” ብላ መለሰችላቸው። እሳቸው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ።

ካልኩሌተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ትራሷ አጠገብ አስቀመጥኩት። በጣቷ ወደ እኔ ገፋችው።

“አንቺ ውሰጂው፣ ሰባት ቁጥር የለሽም” አለችኝ። “እኔ ማላካል ሄጄ ምን እቆጥርበታለሁ?”

መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።